ስለ ሻለቃ ቆሽት መቆጣትና ስለ ጮማው መታገድ የተጻፈ ዜና

በዘመነ ጡረታ በሦስተኛው ዓመት፣ ጠመኔ ከእጃቸው በወረደ በሠላሳ ስድስተኛው ወር፣ የክፍልፋይ አንበሳ፣ የማባዣ ሠንጠረዥ ጌታ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሰነፍ ተማሪን በዓይናቸው ብቻ ከዴስክ ሥር ያስገቡ መምህረ ሒሳብ በቤታቸው ተቀምጠው ሳሉ ይህ ነገር ሆነ።

ማክሰኞ ማለዳ ውሻቸው ሻለቃ፣ የደጅ አለቃ፣ የሶፋ ወራሽ፣ ቢጫ ነገር ሦስት ጊዜ አስመልሶ፣ ደረቱን ከወለሉ አጣብቆ ኋላውን ወደ ላይ አንስቶ ተገትሮ ቀረ። መምህሩም በካፖርታቸው ጠቅልለው ታቅፈውት ወጡ፤ ከፊት ባለቤታቸው በር እየከፈቱ፣ ከኋላ አማታቸው እማማ ማሰሪያውን ያለ ውሻ እየጎተቱ፣ ከሁሉም ኋላ የጎረቤት ድመት በትዝብት እየተከተለ፣ ከእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ደረሱ።

ሐኪሟም ሆዱን ዳስሳ ደሙን መርምራ ቆሽቱ ተቆጥቷል አለች። ሰው ሁሉ ሲናደድ ቆሽቴ አረረ ይላል፤ ሻለቃ ግን በማንም ሳይናደድ ቆሽቱ በእውነት አረረ፣ ያሳረረውም ከገበታ ሥር የሚወርድለት ጮማ ነበረ። ሁለት ቀን በግሉኮስ አቆይታ ስትሸኘው እንዲህ ብላ አወጀች፦

«ስብ ደግሞ ከቀመሰ መትረፉን እንጃ። ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ደረት በውኃ ብቻ ይቀቀል፤ ከሩዝ ጋር በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይሰጠው።»

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ መምህሩ በማቀዝቀዣው በር ላይ አዋጅ ለጠፉ፦

«ቅቤ የነካ እጅ፣ አጥንት የደበቀ ኪስ ወደ ሻለቃ አይቅረብ። ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ።»

ዶሮውንም በሚዛን መዝነው፣ መረቁን አቀዝቅዘው ከላይ የረጋውን ስብ በማንኪያ ገፈው፣ ሩዙን አለስልሰው አቀረቡ። ሻለቃም አሸተተና ጀርባውን ሰጣቸው። በማግስቱም እንዲሁ። መምህሩ ጎድኑን በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሁሉም ተቆጠረላቸው፣ በዚህም እጅግ አዘኑ።

በሦስተኛው ቀን ሻለቃ ዳግመኛ አስመለሰ፤ ከወጣውም መካከል የተጠበሰ የዶሮ ቆዳ ተገኘ። ሐኪሟ መርፌ ወግታ መለሰችው። በዚህ ጊዜ የመምህሩም ቆሽት በተራው አረረና ቤተሰቡን ወጥ ቤት ሰብስበው እንደ ፈተና ቀን ፊት ለፊት ቆሙ። ባለቤታቸው ጣራ ጣራውን አዩ። እማማ ግን መሐረባቸውን ዘርግተው የቅባቱን ምልክት አሳዩና ቃላቸውን ሰጡ፦

«እኔ ነኝ ልጄ። በዓይኑ ሲለምነኝ አንጀቴ አልችል አለ። አንተስ ብትሆን ራስህ የማትቀምሰውን አይደል የምታቀርብለት?»

መምህረ ሒሳብ ቀጥሎ ያደረጉትን ነገሥታት አላደረጉትም፤ ሁለት ሳህን እኩል ሞልተው፣ ፒጃማቸውን ሰብስበው፣ ከወጥ ቤቱ ወለል ከሻለቃ አጠገብ ቁጭ አሉና ጨው አልባውን ሩዝ መዋጥ ጀመሩ። ሻለቃም ሌላው ሲበላ ማየት ፈጽሞ የማይሆንለት ነውና አፍንጫው ተንቀጠቀጠ፣ ተንፏቀቀ፣ የራሱን ሳህን ላሰ፤ ቀጥሎም የመምህሩን ሊወርር ሲል በክንዳቸው መከቱት።

ሃያ አንድ ቀን፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ይኸውም ሰማንያ አራት ማዕድ፣ ጎን ለጎን በሉ። እማማም በመምህሩ ትእዛዝ የሚዛኑ አዛዥ ሆነው ተሾሙ፤ ከሹመታቸውም ወዲህ አንዲት ፍሬ ሩዝ ሳትጎድል ሳትተርፍ ቀረበች፣ የመምህሩ ባለቤት እንኳ ወደ ምድጃው ሲጠጉ መታወቂያ ተጠየቁ ይባላል። የመምህሩ ቀበቶ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። ሐኪሟ የሻለቃን ደም ዳግመኛ መርምራ ቆሽቱ ከቁጣው መብረዱን አበሠረች፤ ምግቡ ግን ዕድሜ ልኩን ይኸው እንደሆነ ነገረቻቸው። በዚያው ቀን ሻለቃ እንደ ቀድሞው የሰፈሩን ደብዳቤ አመላላሽ እስከ መታጠፊያው አሳደደ።

ክብር ይሁን ለመምህረ ሒሳብ፣ ሩዝን ያለ ጨው ድል ለነሡ፣ ስለ ወዳጃቸው ቆሽት ከወለል ለተቀመጡ። ክብር ለእማማ፣ ጮማ በእጃቸው ይዘው ሻለቃ በዓይኑ ሲለምናቸው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳ ለመለሱ። ለሻለቃም ረጅም ዕድሜ ይሁን፤ ደብዳቤ አመላላሹ ብቻ ሲቀር፣ ሰፈሩ በሙሉ አሜን ብሏል።