ሳይፈትሽ የሚፈርድ ሰው

ሽቦ ሳይነካ ምርመራ የሚጨርስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በጋብቻ አገኘሁት፤ የሟች ባለቤቴ ወንድም፣ ዋርሳዬ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብልሽት አይፈልግም፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ይፈርዳል።

ባለቤቴ የተወልኝ፣ አልጋ ያለው ተጎታች ቤት አለኝ። በፒክአፕ እየጎተትኩ በየከተማው ልብስ እሸጥበታለሁ፤ አድርበታለሁም። ባለፈው ሳምንት ከመቀሌ ልወጣ ስል የኋላ መብራቱ እምቢ አለ። ያለ መብራት ደግሞ ከተማው መውጫ ቁሓ ላይ ትራፊክ አያሳልፈኝም።

ዋርሳዬ ተጎታቹን አንዴ ዞረውና፣ «ሓፍተይ፣ ገመዱ በሙሉ አልቆለታል። ለእኔ ልቀቂውና ልጆችሽ ጋ ዕረፊ» አለኝ። በባለቤቴ ተዝካር ላይም ይህንኑ ብሎኝ ነበር። ያኔ መብራቱ ደህና ነበር።

ፍሬን ስረግጥ ፍሬቻው ጭል ጭል እንደሚል አይቻለሁ። ይህ የሚሆነው ከተጎታቹ ብረት ጋር የታሰረችው ሽቦ ስትዝግ ነው። ባለቤቴ ሲጠግን ስንት ዓመት ባትሪ ያበራሁለት በከንቱ መሰላችሁ? ብሎኑን ፈታሁ፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፤ መልሼ አጠበቅሁ።

«ሓወይ፣ ከኋላ ቁምና እይልኝ» ብዬ ፍሬን ረገጥሁ።

«በራ?»

ዝም።

«በራ ወይ?»

ዝም። ለሁለት ቀይ መብራት ይህን ያህል ማሰብ ያስፈልጋል?

«አደይ፣ በርቷል! ቦግ ብሏል!» ብሎ የጮኸልኝ አላፊ ባጃጅ ነጂ ነው።

ዋርሳዬ ያኔ ወደ መስኮቴ መጣና፣ «ለጊዜው ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ሁላችንም ለጊዜው ነን። እሱ ግን የሚጠብቀው የእኔን ማለቅ ነው።