የአያ ታከለ የታሰረ ቁልፍ

እኛ ጎንደሬዎች ሁላችንም በአንድ ጊዜ ካላወራን የተጫወትን አይመስለንም። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ካለ ወይ አኩርፏል፣ ወይ አሞታል። መገናኛ ሬዲዮ ግን ይህን ጠባያችንን አያውቅም። አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ሲያወራ ሌላው የግዱን ያዳምጣል፤ ልናገር ቢልም የሚሰማው የለም። አራዳ ባለችው ሱቄ ይህን ዕቃ ስሸጥ ለስንቱ አስረድቻለሁ መሰላችሁ! ለሚስቴ አጎት ለአያ ታከለም ያንኑ ነው የነገርኳቸው፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

ዛሪማ ወንዝ ዳር ያለውን ማሽላቸውን ከርከሮ ፈጀባቸውና ሦስት ሬዲዮ ይዤ ሄድኩላቸው። እኔ ከማሳው በላይ ያለ አለት ላይ ሆኜ አያለሁ፤ ልጃቸው ሙላቱ በላይ በኩል ገብቶ ከርከሮውን ያባርራል፤ አያ ጠመንጃቸውን ይዘው ከታች ይጠብቃሉ። ሙላቱ ሚስት አግብቶ ልጆች የወለደ ጎልማሳ ነው፤ ለአያ ታከለ ግን አንድ ልጃቸው ነው። ማሽላው ሰው ይውጣል። ከታች ለቆመ ሰው የሚታየው የአገዳው መወዛወዝ ብቻ ነው።

ገና ሳንጀምር ከሬዲዮው «አቡነ ዘበሰማያት» ይንቆረቆር ጀመር። አያ ናቸው። ጠመንጃ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው፣ ታዲያ ቁልፉን ማን ይጫነው? ኋላ እንዳየሁት በጨርቅ ቅዳጅ ጥፍር አድርገው አስረውት፣ ሬዲዮውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር የሚጸልዩት።

ከርከሮው በጎን ሾልኮ ወደ ገደሉ ሲወርድ አየሁት። ልናገር ቁልፌን ብጫን ከጸሎቱ በቀር ምንም አያልፍም። ወዲያው ማሽላው ይወዛወዝ ጀመር፤ ቀጥ ብሎ ወደ አያ። ሙላቱ ነው። ቁልፉን እንዲለቁት በአፉ ሊነግራቸው በመሀል አቋርጦ ይመጣል። አያ ጠመንጃቸውን አነሱ።

ጮህኩ፤ የወንዙ ድምፅ ዋጠው። ቁልፌን ደግሜ ደጋግሜ ተጫንኩ። በሬዲዮው ጸሎቱ ፈጠነ፣ ቀጥሎ ጠመንጃው ሲቀባበል ሰማሁ። እንደማልደርስ እያወቅሁ ቁልቁል ሮጥኩ። ፈራሁ፤ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ድንገት ጸሎቱ ቆመ። ለካ አያ የገዛ ድምፃቸውን ከማሽላው ውስጥ ሰምተውት ኖሯል፤ ሙላቱ ኪስ ያለው ሬዲዮ እየደገመላቸው። ከርከሮ መቼም አቡነ ዘበሰማያት አይደግምም።

«ማነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

ከዚያ በኋላ በእጄ ካለው ሬዲዮ የሰማሁት የሽማግሌ ልቅሶ ነው። በገዛ እጄ ልጨርስህ ነበር፣ በገዛ እጄ፣ ይላሉ። አያ ታከለ እናታቸውን ሲቀብሩ እንኳ በሰው ፊት አላለቀሱም። ሬዲዮዬን አጠፋሁት።

ስደርስ ሙላቱ የጨርቁን ቋጠሮ እየፈታ ነው። ሲያወሩት የቆዩት ሁሉ እንደተላለፈ ነግሯቸው ኖሮ፣ አያ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው እንደማፈር አሉ።

«ምነው፣ ይኸ ሁሉ አንተም ዘንድ ተሰማ?» አሉኝ።

«ባትሪዬ አልቆ ነበር፣ አያ። ምንም አልሰማሁም።»

ትንሽ አዩኝና፣ «ሸጋ» አሉ።