የአባቴ አሮጌ ፍራሽ

አዲስ ፍራሽ መግዛት ምን ችግር አለው? ባለሱቁ ጠቅልሎ ይሰጥሃል፣ ባጃጁ ጣራው ላይ ጠፍሮ ደጅህ ያደርስልሃል። መከራው አሮጌው ነው። ብታቃጥለው ጭሱ ሰፈሩን ሲያስል ያውለዋል፤ ገደል ብትሰደው የከተማችን የቆሰበር ዝናብ አንስቶ የሰው ማሳ ላይ ያስተኛዋል። ለመሆኑ አንተ ያንተን የት አደረስከው? ተወው፣ አትንገረኝ።

እኔ ከዚህ ሁሉ እሻላለሁ ባይ ነበርኩ። ሳምንታት በሳንባ ምች ተኝቶ የከረመው አባቴ ትንሽ ሻል ሲለው አዲስ ፍራሽ ገዛሁለትና፣ መሃሉ የጎደጎደውን የድሮውን ጎትቼ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። ቆሻሻ የሚያነሱት ሲመጡ አማክራቸዋለሁ ብዬ ነው። የረሳሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ በእኛ ሰፈር የበሽተኛ ፍራሽ በጠዋት ደጅ ወጣ ማለት ባለቤቱ አረፈ ማለት እንደሆነ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ቀድመው አዩት። ፊቴን ታጥቤ ሳልጨርስ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ግቢውን ሞሉት።

«ወይኔ አያ ፈንታ! ወይኔ ደጉ ጎረቤቴ!» እትዬ ጥሩ ደረታቸውን ይደቃሉ። የእድሩ ዳኛ ድንኳን በፈረሳቸው ጭነው ከተፍ አሉ። «ኧረ አልሞተም!» ብል ማን ሰምቶኝ! ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጣበት ብለው ደግፈው አስቀመጡኝ።

ይኼኔ አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ግድግዳ ይዞ ብቅ አለ።

«ማን አረፈ?»

የሁሉም ዓይን ወደ ፍራሹ ዞረ። አባቴ አጥሩን አየ፣ ከዚያ እኔን።

«ገና በሕይወት እያለሁ አወጣህብኝ?» አለኝ።

ያን ሁሉ ቀን ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ የፈራው ይኼንኑ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ተነሥቼ ፍራሹን ከአጥሩ ላይ አወረድኩት።

እትዬ ጥሩ እንባቸውን ጠርገው «የመጣንስ መጣን፣ ሥራ ስጡን» አሉ። አባቴም ቢላዋ አስመጥቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማዘዝ ጀመረ። የዳኛው ፈረስ ድንች ሲሸከም ጀርባው ተገጥቦ ስለነበር፣ ደህና ደህናው ስፖንጅ ከጭነቱ ሥር እንዲደረግለት ተቆረጠ። ጨርቁን እትዬ ጥሩ አጥበው ጆንያ ሊጥፉበት ወሰዱት። ያን ያህል ያስጨነቀኝ ፍራሽ፣ የሚጣለው እፍኝ አይሞላም።

አባቴ አንዲት ቁራጭ ለራሱ አስቀረ። ይኸው በየማለዳው በሩ ላይ ያነጥፋትና ፀሐይ እየሞቀ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላል።

«ብርድ ይመታሃል፣ ግባ እንጂ» እለዋለሁ።

«ተወኝ፣ ልታይ» ይለኛል። «አንተ እንደሆንክ ለማውጣት ትቸኩላለህ።»