ወረቀት አይበርደውም

ሳይመታው የማያምን ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። "ሰባት መቶ ሃምሳ ግራም" ተብሎ የተጻፈበትን ዳቦ ቤቱ ወስዶ ይመዝናል። "ጠብታ አያስገባም" ያሉትን ጫማ ገዝቶ ወንዝ ይገባል። በእኛ ሸለቆ ይህን ሹመት የያዙት ጎረቤቴ ሊቀ መዶሻ ቶርግሪም ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዱ ነበር። ፊት ለፊት አንተ ነው የምላቸው። በጽሑፍ ሲሆን ግን፣ መዶሻ የያዘን ሰው አንቱ ማለት ይሻላል።

ጫማውን የፈተኑት እሑድ ዕለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሊቀ መዶሻ ወንዙ መሃል ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ።

"ምን ሆነህ ነው?" አሉ ቄሱ ደንግጠው።

"ምንም። ሃያ ደቂቃ ይቀረኛል።"

መሰላል ሲገዙ ደግሞ፣ "መቶ ሃምሳ ኪሎ ይችላል" ተብሎ ስለተጻፈበት፣ እኚህኑ ቄስ ከሁለት ከረጢት ድንች ጋር አወጧቸው። መሰላሉ ቻለ። ቄሱ ግን እስከ ፋሲካ አላናገሯቸውም።

ባለቤቴ ሃልቫር በመስከረም ሞተ። ልቡ ነው። ጋራዡ ውስጥ ከጓሯችን በርች ዛፍ የጠረበው አንድ ጥንድ የስኪ፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣ እንጨት ተጋድሞ ቀረ፤ በእኔ ቁመት የተለካ። እኛ ጋ ስኪ መግዛት ነውር አይደለም፤ ግን ሰው ያያል። ብዙው ነገር አልቆ ነበር። ያልተሠራው ክፈፉ ነው፤ በስኪው ግራና ቀኝ ጎን የሚሄደው፣ እንጨቱን ከውሃና ከድንጋይ የሚጠብቀው ጠባብ ፕላስቲክ። ሃልቫር ለዚህ ፖሊዩሬቴን ነበር የሚያፈሰው። ሁለት ፈሳሽ ይቀላቅላል፣ እንጨቱ ላይ በቦረቦረው ቦይ ያፈሳል፣ እስኪጠነክር ይጠብቃል።

በመጋቢት የመጀመሪያው እሑድ መንደሩ በሙሉ ተራራውን አቋርጦ ወደ ማዶው ሸለቆ ይሻገራል። ሃልቫርና እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አንዴም አልቀረንም። ዘንድሮ በእነዚያ ስኪዎች እሻገራለሁ፣ በሌላ አልሄድም ብዬ ወሰንኩ። በኅዳር ወር ለቶርግሪም ነገርኳቸው።

"ለክፈፉ ሃልቫር የገዛው ጣሳ አለ" አልኳቸው።

"ጣይው።"

"ገና አልተከፈተም እኮ! ወረቀቱ ከዜሮ በታች እስከ አርባ ድረስ አይሰበርም ይላል።"

"ሲግሩን፣ ወረቀት አይበርደውም።"

እውነታቸውን ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሃልቫር ወረቀት አምኖ ነበር። የተራራው አናት ላይ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ሲሆን፣ ክፈፉ እንደ ብርጭቆ ተሰባበረ። ከሥሩ በረዶውን የሚይዘው የብረት ስለት ተገነጠለ፣ ስኪውም ለሁለት ተሰነጠቀ። ቶርግሪም ከራሳቸው ስኪ አንዱን አውልቀው ሰጡት፤ ሁለት ሰው አንድ አንድ ስኪ አድርጎ፣ ሲሰዳደብ፣ ከሰባት ሰዓት ጉዞ በኋላ ቤቱ ገባ። የቀኙን ማን፣ የግራውን ማን እንዳደረገ እስከ ዘንድሮ መስከረም ድረስ ይከራከሩ ነበር።

ስለዚህ ሊቀ መዶሻ ሰባት ዓይነት ፖሊዩሬቴን አስመጡ። ከየዓይነቱ ጣት የሚያህሉ ቁራጮች አፍስሰው፣ ቁጥር ለጥፈው፣ እኔ ቤት ይዘው መጡ።

"ፍሪዘርሽ ቦታ አለው? የእኔ ሞልቷል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው አንድ ሰዓት ሲሆን በሬ ይንኳኳል። ሊቀ መዶሻ ገብተው ፍሪዘሩን ይከፍታሉ፤ ከአጋዘኑ ሥጋ ሥር አንዱን ቁራጭ መዝዘው የሥጋ መክተፊያዬ ላይ ያስቀምጡና በመዶሻ ያገኙታል። ስኒዎቼ ይዘላሉ። ስባሪው ሾርባዬ ውስጥ የገባበትም ቀን አለ።

"ሦስት ቁጥር ምን ሆነ?" እላለሁ ከመኝታ ቤት።

"መስታወት።"

"ስድስትስ?"

"ቡናማ አይብ። ጥፍሬ ይገባበታል። ብርድ አይሰብረውም፣ ግን ድንጋይ ሲነካው ስለቱን ይለቀዋል። የጠነከረው ይሰበራል፣ የማይሰበረው ይለሰልሳል። እኔ የምፈልገው መሃል ያለውን ነው።"

"እናቴም ባል ስትመርጥልኝ እንዲሁ ነበር የምትለው።"

"አገኘችልሽ?"

"አላገኘችም። እኔ ነኝ ያገኘሁት።"

ፈተናው በፕላስቲክ አያበቃም። ምድጃዬን በእጃቸው ነክተው ሙቀቱን ይመረምራሉ፤ ቀዝቅዞ ካገኙት እንጨት ይጨምራሉ። ቀጥሎ ዳቦዬ ይፈተናል። ሁለት ቁራጭ ይቆርጣሉ፣ ቅቤ ይቀባሉ፣ አንዱን ፊቴ ያስቀምጣሉ። "አንድ ሰው ብቻ ቀምሶ የሚሰጠው ፍርድ ዋጋ የለውም" ይላሉ። ለፍርዱ ስል በየቀኑ ቁርስ በላሁ።

ጥር አለቀ። አራትና አምስት ቁጥር ብቻ ቀሩ። ትዕግሥቴም አለቀ።

"ቶርግሪም! ሁለት ወር ሙሉ ፕላስቲክ ትቀጠቅጣለህ? ሃልቫር ቢሆን በሳምንት ይጨርሰው ነበር!"

"በሳምንት ይጨርስና ሰባት ሰዓት በአንድ ስኪ ተጉዞ ይመለስ ነበር።"

ሳቅሁ። ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፄን እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሰማሁት። እሳቸው መዶሻቸውን በፎጣ እየጠረጉ አላዩኝም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

በማግስቱ አምስት ቁጥር ጫፉ ላይ ተሸረፈ። አራት ቁጥር መዶሻውን መልሶ አነጠረው። እንጨት ላይ አጣብቀው በመሮ ሊፈለቅቁት ታገሉ፤ የተገነጠለው እንጨቱ ነው እንጂ ክፈፉ አልለቀቀም።

"እንግዲህ እናፍስ!" አልኩ።

"ቆይ።" አንድ የበርች ፍላጭ ላይ ትንሽ አፈሰሱበት። ፈሳሹ እንደ ሊጥ ቦክቶ ተነሳ፣ አረፋ ብቻ ሆነ። "አየሽ? እንጨቱ እርጥበት አለው። ይሄ ነገር ውሃ ካገኘ ይነፋል። ሁለት ቀን ምድጃው አጠገብ ይድረቅ።"

ደረቀ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጣሳውን ሊያነሱ ሲሉ እጄን ጣልኩበት።

"እኔ ነኝ የማፈስሰው።"

"ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው ያለሽ፣ ከዚያ ይይዛል። እጅሽ ከተንቀጠቀጠ—"

"እጄ አይንቀጠቀጥም።"

ሊቀ መዶሻ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። በሕይወታቸው እንደዚያ ተሰቃይተው አያውቁም። ቀላቀልኩ፤ አራቱንም ቦይ በቀጭኑ ሞላሁ። አንዲት አረፋ ወጣች፣ በመርፌ ወጋኋት።

ቀሪውን ሁለታችን ጨረስን፤ ስለቱን፣ ታችኛውንና ላይኛውን ሽፋን፣ አጣብቆ መጭመቁን። ልንሻገር አንድ ሳምንት ሲቀር ስኪውን የምቀባበት ሰም ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ሞይፍሪድ የሱቁ ባለቤት ናት፤ የማታውቀው ነገር ካለ ገና አልሆነም ማለት ነው።

"ስሚ፣ ቶርግሪም ፕላስቲኩን አንቺ ፍሪዘር ውስጥ ነው አሉ የሚያስቀምጠው?"

"አዎ፣ የእሱ ሞልቶበት።"

"ፍሪዘርሽ ስንት ይደርሳል?"

"ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት።"

"ዛሬ ጠዋት በረንዳሽ ላይ ስንት ነበር?"

"ሠላሳ ስድ—" አልኩና ቆምኩ።

ሞይፍሪድ ሰሙን በወረቀት ጠቀለለችልኝ። ቀስ ብላ ነው የጠቀለለችው።

"ከታኅሣሥ ጀምሮ ሰባቱም በረንዳው ላይ በገመድ ተሰቅለው አያቸዋለሁ" አለች። "የካልሲ ማስጫ መስሎኝ ነበር፣ መዶሻውን ይዞ እስኪወጣ ድረስ።"

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሁሉንም የኖርኩት እዚህ ሸለቆ ነው። ከበረንዳዬ ይልቅ ፍሪዘሬ ሞቃት መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል። ያን ክረምት ግን ብዙ ነገር አላየሁም ነበር። ወደ ቤት ስመለስ የቶርግሪምን በረንዳ አየሁት። ገመዱ አለ። አራት ቁጥር ብቻውን ተንጠልጥሏል፣ ሙሉ ነው፣ ጭረት የለበትም።

ገብቼ ምድጃዬ ላይ እንጨት ጨመርኩ።

እሑድ ተሻገርን። አናቱ ላይ ስንደርስ ብርዱ ሠላሳ ሦስት ነበር። ያኔ ስኪው ሲሰበር ሃልቫር የቆመባትን ድንጋይ አውቃታለሁ። እዚያ ስደርስ ቶርግሪም ከጀርባ ቦርሳቸው መዶሻ አወጡ። ሰው በሙሉ ቆሞ ያያል።

"ወንድሜ፣ እዚህም?" አሉ ቄሱ።

"እዚህ ነዋ!"

ተንበርክከው የቀኝ ስኪዬን ጎን ሦስት ጊዜ መቱ። ጓንታቸውን አውልቀው ክፈፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱት።

"ያዘ" አሉ።

"ግራውንም ምታው።"

መቱት። እሱም ያዘ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ነው፤ ማንንም ሳልጠብቅ ወረድኩ።

ሰኞ ጠዋት አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ሰዓቱን አየሁት። ስኪው አልቋል፣ ተራራውን ተሻግረናል፣ የሚፈተን ነገር የለም። አንድ ሰዓት ሆነ። በሩ ተንኳኳ።

ቶርግሪም ነው። ፂሙ ላይ በረዶ ይዟል፣ በእጁ ጣት የምታህል ቁራጭ ፕላስቲክ ይዟል።

"ስምንተኛ ዓይነት መጣልኝ" አለ። "ማወቁ አይከፋም ብዬ ነው። ቦታ ካለሽ።"

"መዶሻህስ?"

እጁን አየ። ኪሱን ነካካ።

"ረስቼው መጣሁ።"

መዶሻ ስላልያዘ አንተ ልለው እችላለሁ።

"ግባ፣ በሩን ዝጋው" አልኩት። ፍሪዘሩን ከፍቼ የአጋዘኑን ሥጋ ወደ ጥግ ገፋሁለት።