በዊዘርኮት ግቢ የድንጋይ በር ስለተቀረቀረው የጭነት መኪና የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቅዳሜ ጁን 14 ቀን፣ ከቀኑ 8፡40። ቦታ፦ ከዋናው በር በስተውስጥ፣ ዣንጥላ ሥር፤ መቼም ይዘንባል።

የተገኙ፦ እመቤት ኦጋስታ ዌይን (ሰብሳቢ)፣ ጡረተኛው ኮሎኔል ባጎት፣ ግንበኛው ሚስተር ትሪግ፣ እኔ ዶርካስ ፒም (ጸሐፊ)። ምልዓተ ጉባኤው አምስት ስለሆነ አንድ ሰው ጎደለ። ሚስተር ሌን ሃክስቢ ግን መኪናቸው ከጠዋት ጀምሮ በበሩ ቅስት ሥር ተቀርቅሮ፣ ዓምዶቹም አላስወርድ ብለዋቸው ጋቢና ውስጥ ነበሩ። "የትም አይሄዱም" ተብሎ በሙሉ ድምፅ አምስተኛ አባል ተደረጉ። ጉባኤው ተሟላ።

አጀንዳ 1፦ ሚስተር ሃክስቢን ስለማስወጣት። እሳቸውም በመስኮቱ ስንጥቅ፣ "እመቤቴ፣ በ10 ሰዓት ልጄን ይዤ ቤተ ክርስቲያን የምገባው እኮ እኔ ነኝ! የሠርገኛው ወንበርም እዚሁ ከኋላዬ ተጭኗል!" ሲሉ አመለከቱ። ሰብሳቢዋ የደስታ መግለጫ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው አዘዙ። ሚስተር ትሪግ፣ "ጎማውን ትንሽ ማስተንፈስ ነው፤ ዝቅ ይልና ውልቅ ይላል" ቢሉም አጀንዳ ስላልተያዘለት አልታየም።

አጀንዳ 2፦ ስለ ቅርሱ። ኮሎኔሉ ከሕጉ እንዳነበቡልን፣ ከታሪካዊ በር ጋር የተጣበቀ ሁሉ የበሩ አካል ነው። ስለዚህ መኪናው ቅርስ ነው። ሚስተር ሃክስቢ፣ "እኔስ?" አሉ። ከረዥም ውይይት በኋላ ቀበቶ እስካሰሩ ድረስ እሳቸውም ቅርስ እንዲሆኑ ተወሰነ። ወዲያው ቀበቷቸውን ፈቱ፤ በተቃውሞነት ተመዝግቧል።

አጀንዳ 3፦ ስለ መኪናው ቀለም። እንደ አጥሩ ድንጋይ ያረጀ እንዲመስል፣ እርጎ ተቀብቶ የድንጋይ ሽበት እንዲያበቅል ተወሰነ። ኮሎኔሉ አንድ ባልዲ የእንጆሪ እርጎ አስመጡ። ሰብሳቢዋ፣ "ባጎት፣ እስቲ አሁን እንኳ ዕድሜህን ምሰል!" አሏቸው።

9፡40 ላይ ሚስተር ትሪግ ፒፓቸው ወድቆባቸው ከጎማው አጠገብ ጎንበስ አሉ፤ ቆዩም። ከወደ መሬት ረዥም የንፋስ ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ወደ ኮሎኔሉ ዞሩ። ኮሎኔሉ እሳቸው አለመሆናቸው እንዲያዝላቸው ጠየቁ፤ ተይዟል። ወዲያው መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ወጣ። ሚስተር ሃክስቢ፣ "ጋሽ ትሪግ፣ ሠርጉ ላይ እንዳይቀሩብኝ!" እያሉ በረሩ። ከበሩ አንድም ጠጠር አልወደቀ።

ኮሎኔሉ ቅርስ አመለጠ ብለው ጮኹ። ሆኖም አምስተኛው አባል በመሄዳቸው ጉባኤው ጎደለ። ቀድሞም አባል ያደረግናቸው አራት ሆነን ነበርና ጉባኤው ከመጀመሪያውም ሞልቶ አያውቅም። በመሆኑም ሁሉም ውሳኔ ተሽሯል፤ ሚስተር ሃክስቢም ቅርስ ሆነው አያውቁም።

የደስታ መግለጫው ደብዳቤ አብሮ ስለተሻረ፣ ደስታችንን በአካል ለመግለጽ ጉባኤው 9፡52 ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሩጫ ተበትኗል። ኮሎኔሉ ስጦታ ስላልነበራቸው እርጎውን ይዘዋል።