የማክሰኞ ዛፍ፣ የዐርብ እግር

ዓለም መፍጠር ቀላል ነው የሚል ደራሲ ካለ፣ የንስሐ አባት የለውም ማለት ነው። ወረቀትና እርሳስ ከያዘ መቼስ ምን ይሳነዋል? ተራራውን ይተክላል፣ ባሕሩን ያፈሳል፤ ማንን ፈርቶ! እኔም እንደዚያው መስሎኝ የንስሐ አባቴን መምሬ ወልዴን ረስቼ ነበር።

ያኔ አቃቂ ባቡር ጣቢያ፣ ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የማሻግር ሐዲድ ቀያሪ ነበርኩ። አንዱ ባቡር ሄዶ ሌላው እስኪመጣ ጊዜው በሽ ነው። እናም ሁለት ክረምት ሙሉ ቁጭ ብዬ፣ እግዚአብሔር ከዚህኛው ቀጥሎ ስለፈጠረው ሌላ ዓለም ልብ ወለድ ጻፍኩ። የሚዘምር ወንዝ አለው፤ ፈጣሪውን ፍለጋ አገር ላገር የሚዞር ዋርካ አለው። ዋርካው ነፍሴ ነው! ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ላነበው ጓጉቼ ልሞት ደረስኩ። ሌላ ማን ይሰማኛል? ሚስቴ እንደሆነች ገና "በመጀመሪያ" ስል ታንቀላፋለች።

ያለ መምሬ ፈቃድ ግን አይነበብም። ደብተሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ሰክተው፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ዋርካው ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ሥነ ፍጥረት ሃያ ሁለት ነው፤ ይሄ ሃያ ሦስተኛ ከየት መጣ? አሉኝ። ዛፍ የተፈጠረው ማክሰኞ፣ በእግሩ የሚሄድ አውሬ ዐርብ፤ ለማክሰኞው ፍጥረት የዐርብ እግር ማን ቀጠለለት?

ሐዲድ ቀያሪ አይደለሁ፣ ማክሰኞን ዐርብ መስመር ላይ አስገብቼው ቁጭ! ልብ ወለድ እኮ ነው ብላቸው፣ ልብህ የፈለገውን ይውለድ፣ ዛፉን ግን አስቀምጥልኝ አሉ። ዋርካው ከተቀመጠማ ታሪኩ አለቀ! እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ፈጣሪውን የሚፈልግ ፍጥረት ተነስቶ ቢሄድ ምኑ ላይ ነው ኃጢአቱ? አልኳቸው። ደብተሩን መልሰው እየሰጡኝ፣ እሑድ አንብብ፣ እኔም አጠገብህ እቀመጣለሁ፣ ዋርካው ካጠፋ አስቆምሃለሁ አሉኝ።

እሑድ ማንበብ ጀመርኩ። ዋርካው ሥሩን ነቅሎ ሲነሳ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ ደስታዬን አትጠይቁኝ። መምሬን በጎን አያለሁ፤ ገና አላስቆሙኝም። ይሄኔ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ ዋርካው መንገድ ላይ ሲጠማው ምን ያደርጋል? ብላ ጠየቀች። ጉድ ፈላ፣ ይሄን አልጻፍኩትም!

አፌን ሳልከፍት መምሬ ቀደሙኝ። ወንዝ ባገኘበት ጎንበስ ብሎ ይጠጣል አሏት ኮስተር ብለው፤ ረቡዕና ዐርብ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ አይቀምስም።