ፈርሜ የተረከብኩት ላፕቶፕ

ለልጅ ላፕቶፕ የሚያድል አገር ወይ ልጅ አያውቅም፣ ወይ ንብረት አያውቅም! ይኸው ተናገርኩ። የሚከፋው ይክፋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ የሊያ ትምህርት ቤት ለየተማሪው ላፕቶፕ ሊሰጥ ነውና ወላጅ መጥቶ ይፈርም አለ። እናቷ ገነት አዛውንት የምትጦርበት ሥራ ላይ ሺፍት ገብታለች። ስለዚህ እኔን አዛውንቱን ላከችኝ። (እኔን ማን እንደሚጦረኝ አትጠይቁኝ!)

አስተማሪዋ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ሊያ አስተረጎመች።

«አባባ፣ ቢሰበር ቢጠፋ ሪስፖንሲብል ነን ነው የሚለው። እዚህ ጋ ሳይን ያድርጉ።»

ፈረምኩ። ከፈረምኩ በኋላ ግን ወረቀቱን ደግማ እንድታነብልኝ አደረግኩ! እኔ እኮ፣ አንባቢዬ፣ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የመንግሥት መጋዘን ዘበኛ ነበርኩ። የአንድ የጽሕፈት መኪና እጀታ ተሰብሮ፣ ፈርሞ የተረከበው ሰውዬ ፀጉሩ እስኪሸብት ቃሉን ሲሰጥ አይቻለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ...

አርችዌይ ከሚባለው የፈረንጅ ሰፈር፣ ቤታችን እንደ ደረስን ላፕቶፑን በጋቢ ጠቀለልኩት፤ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት፤ ቆለፍኩት። ቁልፉን ከአንገቴ ማተብ ጋር አሰርኩት።

«አባባ፣ ላፕቶፑን ይስጡኝ» አለች በማግስቱ።

«ለምን?»

«ለሆምወርክ ነዋ!»

«ደብተር የለሽም?»

«ኦንላይን ነው እኮ የሚላከው!»

«እኔ የተረከብኩት እንዲቀመጥ ነው እንጂ እንዲነካካ አይደለም!»

ገነት ከሥራ ስትገባ «አባዬ፣ ኧረ ይስጧት!» አለች።

«አንቺ ፈርመሻል?» አልኳት።

ልጅቱ ስታለቅስ ግን ልቤ ድንጋይ አይደለም፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግማሽ ሰዓት ፈቀድኩላት። እጅ ታጥቦ፣ ሻይ ከጠረጴዛው ተነሥቶ፣ እኔም አጠገቧ ቆሜ። በየእሑዱ ግን ማሽኑ ራሱን አፕዴት ሲያደርግ ሲያደርግ ግማሽ ሰዓቱ ያልቃል። መልሼ እጠቀልለዋለሁ። ደንብ ደንብ ነው!

በወሩ ትምህርት ቤቱ ጠራን። ሊያ አንድም የቤት ሥራ አልላከችምና ከጎበዞቹ የሒሳብ ክፍል ወደ ታችኛው ልትወርድ ነው ተባለ። ሒሳብ ደግሞ ነፍሷ ነው። ፊቷ ዐመድ መሰለ።

እኔ ግን ሻንጣዬን አንጠልጥዬ፣ ኮራ ብዬ ገባሁ። አስተማሪዋ ፊት ከፈትኩ፣ ጋቢውን ፈታሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም!

«ጭረት ካገኘሽበት ጣቴን ቁረጪው በያት!» አልኳት ሊያን። ምስጋና ስጠብቅ፣ አስተማሪዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ምን አለች?»

«ለምን ተቆለፈበት እያለች ነው።»

«ፈርሜ ነዋ!»

ሊያ ይህንንም ተረጎመች። ከቦርሳዋም ደብተር አወጣች። ለካ በየጠዋቱ አውቶቡስ ላይ ጥያቄዎቹን ከጓደኛዋ ስልክ እየገለበጠች፣ የወሩን ሁሉ በእርሳስ ሠርታዋለች! አስተማሪዋ ገለጠች፣ ገለጠች... እስከ ዓርብ ሁሉንም በላፕቶፑ ከላከች ከክፍሏ አትነቃነቅም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አንድ ነገር ጨመረች።

«አሁንስ ምን አለች?»

«እሳቸው የፈረሙት ልጅቱ እንድትማርበት ነው አለች።»

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ለካ አደራዬ ልጅቱ ኖራለች! ሃያ ዓመት በር ጠብቄ፣ ዕቃውን ስጠብቅ ልጅቱን ላስዘርፍ!

ቁልፉን ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠኋት። (ማተቡ ይቆየኝ!) ዓርብ ሳይደርስ ሐሙስ ጨረሰች። ይኸው እስከ ዛሬ ከጎበዞቹ ጋር ናት።

አሁን ደግሞ ጉዴን ስሙ። የዚህ ጋዜጣ አዘጋጅ «ከእንግዲህ በእጅ የተጻፈ ወግ አንቀበልም» አለኝ። ምን ላድርግ? ሊያን «እስቲ ላፕቶፑን አውሺኝ» አልኳት። ወረቀት ይዛ መጣች።

«ይሄ ምንድነው?»

«መረከቢያ ነው አባባ። ይፈርሙ።»

ፈረምኩ።

«እጅዎን ታጥበዋል?»

ታጠብኩ። ሻዬን ከጠረጴዛው አነሣችው። አሁን አጠገቤ ቆማ ሰዓቷን እያየች ነው። ፊደል ብገድፍ በእኔ አትፍረዱ፤ የሰጠችኝ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ሃያ አምስቱን ደቂቃ አፕዴት በላው!